ልማድ ሕግ የሚሆንበት ዕድሜ

በአርሲ ደጋ ሃምሳ ዓመት የሞላው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ነው። ከአሰላ እስከ ጎበሳ በሚዘልቀው የገብስና የስንዴ አገር አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ቀጥሎ ኦርቶዶክሱ ይመጣል፤ ካቶሊኩ እዚህም እዚያም የተዘራ ጥቂት ቤተሰብ ነው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊኮች ድርሻ በአገር አቀፍ ደረጃ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙስሊሙ ሃይማኖቱን ወደ ሼክ ሁሴን ዘመን፣ ኦርቶዶክሱ ደብሩን ወደ ምኒልክ ዘመን መልሶ ሲቆጥር፣ ካቶሊኩ የሚቆጥረው የአባቱን ወይም የአያቱን ጥምቀት ነው።

በወረቀት ላይ ግን ነገሩ ይቀድማል። ሮም በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁማ ኃላፊነቱን ለካፑቺኑ ጉሊየልሞ ማሳያ ሰጠች። ማሳያ በጉድሩ፣ በከፋና በሸዋ ሲደክም ኖሮ በ1879 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን በ1916 ከፋ ገቡ፤ ጣሊያን በ1941 ሲሸነፍ እነሱም አብረው ወጡ። የተመለሱት በ1970 ሲሆን በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ መቂና ወደ አርሲ አዞሩ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሆኖ የጀመረው የጋምቦ ሆስፒታል ከእነሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። በ1980 መቂ ከሐረር ተለይታ ራሷን የቻለች ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር ሆነች፤ በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወደ ቪካሪያት አደገች። በ2012 ደግሞ የሮቤ ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር ከመቂ ተከፍሎ ወጣ።

ከዚህ አጭር ዕድሜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ሕዝብ የሚጾመው፣ የሚያርደው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚመርቀው በራሱ ደንብ ነው። ይህ ደንብ የቤተ ክርስቲያኗ የሚሆነው መቼ ነው? እስከ መቼስ የሰፈር ወግ ብቻ ሆኖ ይቆያል? ጥያቄው ለማንኛውም ሃይማኖት ሊቀርብ ይችላል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሚለያት ግን መልሱን በዓመት ቁጥር ጭምር አስልታ ማስቀመጧ ነው።

ስለ ልማድ ከመነገሩ በፊት ስለ ቤቱ ትንሽ ማለት ይገባል፤ የሚያረጀው በቅድሚያ ቤቱ ነውና። የገጠር ጸሎት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭቃ ምርግና በቆርቆሮ ነው። ምእመናኑ ሲበረክቱ ብሎኬት ወይም ድንጋይ ይተካል። የደጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ያዝጋል፣ ምስጥ ምሰሶውን ይበላል፣ ሌላ ይተከላል። የጎረቤቱ ኦርቶዶክስ በዚህ አይቸገርም፤ ታቦቱ ካለ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ቢቀየር፣ ግድግዳው ፈርሶ ቢሠራ፣ ደብሩ ያው ደብር ነው። የላቲኑ ሥርዓት ሕግ ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል። በ1983 የወጣው የቀኖና ሕግ እንደሚለው ቅዱስ ስፍራ በአብዛኛው ከፈረሰ ወይም ለዘለቄታው ለዓለማዊ አገልግሎት ከዋለ ቅድስናውን ያጣል፤ ሊጠገን የማይችል ቤተ ክርስቲያንን ጳጳሱ ለሌላ አገልግሎት ሊያውለው ይችላል፤ አገልግሎቱ የሚያዋርድ መሆን ግን የለበትም። መሠዊያው ከሕንፃው ጋር አብሮ ቅድስናውን አያጣም። ቁምስናውስ? ቁምስና በሕጉ ትርጓሜ ሕንፃም መሠዊያም አይደለም፤ በአንድ ቆሞስ ጠባቂነት የተቋቋመ የምእመናን ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሲያረጅ የሚያረጀው ከሦስቱ ትንሹ ነው። ልማድ የሚኖረው በሦስተኛው፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነው፤ ለማኅበረሰብ ደግሞ ዕድሜ ማለት ብርታት እንጂ ድካም አይደለም።

የቀኖናው ሕግ ስለ ልማድ የሚናገረው በስድስት አጫጭር አንቀጾች ነው፤ ከሃያ ሦስት እስከ ሃያ ስምንት። አንድ ማኅበረሰብ ያስገባው ልማድ የሕግ ኃይል የሚያገኘው ሕግ አውጪው ሲቀበለው ነው። በግልጽ ባይቀበለው እንኳ ከሕጉ የሚጻረር ወይም ሕጉ ዝም ያለበትን የሚሞላ ልማድ ሳይቋረጥ ሠላሳ ሙሉ ዓመት ከተጠበቀ ሕግ ይሆናል። ሕጉ ራሱ ወደፊት ምንም ልማድ እንዳይነካው ብሎ ከከለከለ ግን ሊያሸንፈው የሚችለው መቶ ዓመት የሞላው ወይም መነሻው ከሰው ትዝታ ያለፈ ልማድ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው የ1917ቱ ሕግ አርባ ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ አሥር ዓመት ቀነሰ። ሦስት ገደቦችም አሉ። የእግዚአብሔርን ሕግ የሚጻረር ልማድ በምንም ዕድሜ አይጸድቅም። ምክንያታዊ ያልሆነም እንዲሁ። ሦስተኛው ገደብ በቀላሉ ይረሳል፤ ማኅበረሰቡ ያን ነገር ሲያደርግ እንደ ግዴታ ቆጥሮት፣ ሕግ ላድርገው ብሎ አስቦ መሆን አለበት። በአጋጣሚ ወይም በይሉኝታ የተደጋገመ ነገር ሺህ ዓመት ቢቆይ ልማድ እንጂ ሕግ አይሆንም። በተጨማሪም ማኅበረሰቡ ሕግ ሊቀበል የሚችል መሆን ይኖርበታል፤ ሀገረ ስብከት እንደሚችል ሁሉም ይስማማል፤ አንድ ቁምስና ብቻውን ይችላል ወይ በሚለው ግን የቀኖና ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የዚህ አሳብ ሥር ከሕግ መጽሐፉ ይጠልቃል። ቶማስ አኩዊናስ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ጥያቄውን አንሥቶ ነበር፤ ሕዝብ ደጋግሞ በማድረጉ ብቻ ሕግ ሊያወጣ፣ ሕግም ሊሽር ይችላልን? ይችላል ብሎ መለሰ። ሰው አሳቡንና ፈቃዱን በቃል እንደሚገልጥ በሥራም ይገልጣል፤ ብዙ ጊዜ የተደገመ ሥራ በደንብ ከታሰበ ፍርድ የመጣ መሆኑን ያሳያል። ይህ ጠንካራ አሳብ ነው። ካህኑ በመድረክ የሚናገረው ብቻ ሳይሆን ምእመኑ በቤቱ ዝም ብሎ የሚያደርገውም እንደ ንግግር ይቆጠራል ማለት ነውና። ለግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ጭምር የሚሠራው፣ በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረበት፤ የማኅበረሰቡ ልማድ ሕግ የሚሆነው በቤተ ክርስቲያን አካል ውስጥ ከሚሠራው ከመንፈስ ቅዱስ ሥራ ጋር በሚስማማበት መጠን ነው አለ። የላቲኑ ሕግ ዓይኑን ወደ ሕግ አውጪው ያነሣል፣ የምሥራቁ ወደ ማኅበረሰቡ ዝቅ ያደርጋል። የዓመቱ ቁጥር በሁለቱም ሠላሳ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጦርነት ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 መጥቶ በትዕግሥትና በትምህርት የንጉሡን ልብ አገኘ። ንጉሥ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ የደረሰው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ሰው ነበር። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታማኝነታቸውን ሲያረጋግጡ፣ አብሮ የመጣው ትእዛዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ቀዳሚት ሰንበት ትቅር፣ ግዝረት ይቅር፣ የዘመን አቆጣጠሩ ይለወጥ የሚል ነበር። ገበሬው ተነሣ። ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1632፣ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። የክርክሩ ርእስ የክርስቶስ ባሕርይ ነበር፤ ሕዝቡን ያስነሣው ግን በአብዛኛው ባሕርይ አይመስልም። ሰንበቱ፣ ጾሙ፣ ጥምቀቱ ከንቱ ነበር መባሉ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ልማዶች ከመቶ ዓመት እጅግ ያለፉ ነበሩ፤ በሮም በራሷ የሕግ መለኪያ ቢመዘኑ እንኳ ብዙዎቹ በቀላሉ የሚሻሩ አልነበሩም።

የሚገርመው፣ ሚሲዮናውያንን የሚመራው የሮም ጉባኤ ፕሮፓጋንዳ ፊዴ የተቋቋመው በዚያው በ1622 ነው። ይኸው ጉባኤ በ1659 ወደ ምሥራቅ እስያ ለሚሄዱ ቪካሮች ባወጣው መመሪያ፣ ሃይማኖትንና ግብረ ገብነትን በግልጽ ካልተጻረሩ በቀር የሕዝቦችን ወግና ልማድ ለማስለወጥ እንዳይሞክሩ አዘዘ፤ ፈረንሳይን ወይም ጣሊያንን ተሸክሞ ወደ ቻይና መሄድን እንደ ሞኝነት ቆጠረው። መመሪያው ለሜንዴዝ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዘግይቶበታል።

መመሪያውን በኢትዮጵያ ምድር በሥራ ያዋለው ጣሊያናዊው ላዛሪስት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው። በ1839 ዓድዋ ደረሰ፤ ቋንቋውን ተማረ፣ እንደ አገሬው ካህን ለበሰ፣ እንደ አገሬው ጾመ፣ ሥርዓቱንም ግእዝ አደረገ። ከጎጃሙ መርጡለ ማርያም ገዳም የወጡት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ከእሱ ጋር ሆኑ፤ በ1855 በእስር ሞቱ። ደ ያቆቢስ በ1860 በቀይ ባሕር መንገድ ላይ ሞቶ ሄቦ ተቀበረ፤ በ1975 ቅድስናው በሮም ታወጀ። በእሱ ዘመን የተጀመሩት የሰሜን ማኅበረሰቦች፣ ከእነዚህም በኢሮብ ተራሮች ያለው የዓሊቴና ማኅበረሰብ፣ ዛሬ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ የዓሊቴና ካቶሊክ ሲጾም፣ መስቀልና ጥምቀት ሲያከብር፣ በግእዝ ሲያስቀድስ፣ ለሮም ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ማኅበረሰብ ሆኖ ነው የሚያደርገው። ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ የሚለየው በየዕለቱ ኑሮ ሳይሆን በቅዳሴ ውስጥ የማን ስም ይጠራል በሚለው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አርሲ የሌላው ዓለም ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከዓዲግራት፣ ከእምድብርና ከባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከቶች ውጭ ያለው የኢትዮጵያ ካቶሊክ በአመዛኙ በላቲን ሥርዓት ይመራል፤ አርሲም በዚህ ውስጥ ናት። ታሪክ እዚህ ላይ ቀልድ ቢጤ ሠርቷል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ቅዳሴ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን በር ከፈተ፤ ስለዚህ ከ1970 ወዲህ በአርሲ የተተከለ ማኅበረሰብ የላቲን ሥርዓት ተከታይ ሆኖ የላቲን ቅዳሴ ግን ሰምቶ አያውቅም። የተቀበለው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ነው። ያም ጉባኤ ሃይማኖትንና የማኅበረሰቡን ጥቅም በማይነካ ጉዳይ አንድ ዓይነት መልክ የግድ እንዲሆን እንደማይሻ ተናግሯል። እንግዲህ የአርሲ ካቶሊክ በልማድ ረገድ የጀመረው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ የሚሽርለት የቆየ ላቲናዊ ወግ አልነበረም፤ ከአካባቢው የሚወስደውን ለመውሰድ ግን ሠላሳውን ዓመት ከአንድ ብሎ መቁጠር ነበረበት። ያ ጊዜ አልፏል።

ጾም የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። የላቲኑ ሕግ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ከሥጋ መከልከል፣ በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ መጾም። ኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾምን ብቻ ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፤ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ ይቀራል። ካቶሊኮች ፋሲካንና ገናን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከኦርቶዶክሱ ጋር ስለሚያከብሩ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ወቅት ይውላሉ፤ ብዙ ካቶሊክም ሕጉ ከጠየቀው አልፎ እንደ ጎረቤቱ በሽሮና በምስር ይከርማል። ይህ ሕጉ ዝም ያለበትን የሚሞላ ልማድ ነው፤ ምክንያታዊነቱን የሚጠራጠር የለም። ጥያቄው በሦስተኛው ገደብ ላይ ነው። ሰውየው የሚጾመው ቤተ ክርስቲያኔ ትጠይቀኛለች ብሎ ነው፣ ወይስ በሁዳዴ ከቤቱ የወጥ ቅቤ ሽታ ወጥቶ ጎረቤት እንዳይታዘበው? መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ምናልባት በአንድ ሰው ልብ ውስጥም ሁለቱ አብረው አሉ። ሕጉ ግን አንዱን እንጂ ሌላውን አያውቅም።

ከጾሙ ይልቅ የሚከብደው ምሳሌ ሥጋ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ቢላዋው ሲነሣ የሚጠራው ስም ሥጋውን የክርስቲያን ወይም የእስላም ያደርገዋል። በአርሲ ሁለቱ ሃይማኖቶች በጋብቻ፣ በጉርብትና፣ በአበልጅነት ስለተሳሰሩ የሠርግ ደጋሽ ሁለት እርድ ያዘጋጃል፤ ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ዳሱም ይለያል። ካቶሊኩ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የክርስቲያኑን ወገን ይዞ ይቀመጣል። ሆኖም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን መብላት የሚከለክል ሕግ የላትም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ እንኳ በራሱ እንደማያረክስ፣ ገበያ የተሸጠውን ሳይጠይቁ መብላት እንደሚቻል ነግሯቸዋል፤ ብቸኛው ጥንቃቄ ደካማ ኅሊና ያለውን ወንድም እንዳያሰናክሉ ነው። ታዲያ የአርሲ ካቶሊክ ልማድ ምንድን ነው? ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሳይቋረጥ ተጠብቋል፤ እንደ ግዴታም ይቆጠራል፤ ያፈረሰው ሰው በዘመድ ፊት ይነወራል። የሚጎድለው አንድ ነገር ይመስላል፤ ግዴታው የክርስቲያንነት ምልክት እንጂ የካቶሊክነት ደንብ አይደለም። ልማዱን የያዘው ማኅበረሰብ ከቁምስናውም ከሀገረ ስብከቱም የሚሰፋ፣ ኦርቶዶክሱንና ፕሮቴስታንቱን አጠቃልሎ የያዘ ማኅበረሰብ ነው፤ ያ ማኅበረሰብ ደግሞ ለሮም ሕግ ሕጋዊ አካል አይደለም። የልማድ ሕግ ንድፈ አሳብ በአውሮፓ ሲቀረጽ የታሰበው መንደሩ ሁሉ ካቶሊክ የሆነበት አገር ነበር። ካቶሊኩ በመንደሩ ውስጥ ሦስት ቤት ሲሆን ሒሳቡ ይናጋል፤ አብዛኛው ልማዱ ከሌሎች ጋር በጋራ የተያዘ ነውና። ይህ የሕጉ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ወደ ሃያ ወይም ወደ አርባ በመለወጥም አይሞላም።

የአርሲ ኦሮሞ የራሱ ጥንታዊ ሥርዓት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሲንቄ ለሙሽራ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትሰጥ ቀጭን በትር ናት። የተበደለች ሚስት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ፍርድ ሳታገኝ አይመለሱም። በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲንቄ ይዘው የቆሙ ሴቶችን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ ነውረኛ ነው። አንዲት ካቶሊክ ሴት ሲንቄዋን ብትይዝ ከክርስትና የሚጋጨው የትኛው ነው? ምንም አይታይም። የምታስከብረው ፍትሕን ነው፤ እንዲያውም የምክንያታዊነትን ፈተና ከብዙ የቤተ ክርስቲያን ወጎች በተሻለ ታልፋለች።

አቴቴ እንደዚህ አትቀልም። በአቴቴ ሴቶች ተሰብስበው እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉብታ ይወጣሉ፤ ዝናብን፣ ልጅን፣ ሰላምን ይለምናሉ። የሚለመነው ዋቃ ከሆነ፣ ዋቃ በአፋን ኦሮሞ ክርስቲያኖች የሚያመልኩት አምላክ ስም ጭምር ነው። አቴቴን ራሷን የእናትነትና የመውለድ መንፈስ አድርጎ የሚያያት ግን አለ፤ ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ሕግ የሚለው ገደብ ይነሣል። ታላቁ ጎርጎርዮስ በ601 ወደ እንግሊዝ ለተላኩት መነኮሳት በላከው ደብዳቤ የአረማውያኑ ቤተ መቅደስ እንዳይፈርስ፣ ጣዖቱ ብቻ ወጥቶ ቤቱ በጸበል ተረጭቶ መሠዊያ እንዲቆምበት፣ በሬ የማረዱም ልማድ ወደ ሰማዕታት በዓል ድግስ እንዲዞር መክሮ ነበር። ምክሩ በየአገሩ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም የሚሠራው ግድግዳ ላለው እምነት ነው። ወንዝ ዳርና ዛፍ ሥር የሚደረግ ጸሎት የሚወጣለት ጣዖት፣ የሚባረክለት ቤት የለውም፤ ወንዙ ያው ወንዝ፣ ሣሩም ያው ሣር ነው። ሊለወጥ የሚችለው የልማኗ ቃልና የለማኟ አሳብ ብቻ ነው፤ አሳብን ደግሞ ቆሞስ ሊመረምረው የሚችለው ሴትዮዋ ራሷ ከነገረችው ነው። ስለዚህ በአቴቴ ላይ በጅምላ መፍረድ፣ ወደዚህም ይሁን ወደዚያ፣ ነገሩን አለማየት ይሆናል። የሲቲ ሞሚና መቃብር ወዳለበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ወደሚጎርፍበት ወደ ፈረቀሳ የሚሄድ ካቶሊክ ካለ የእሱ ጉዳይ ይቀላል፤ እዚያ የሚሄደው በግሉ እንጂ በማኅበረሰቡ ስም አይደለም፤ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ለንስሐ አባቱ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ልማድ ተብሎ ግን አይመዘገብም።

ይህን ሁሉ በአንድ ምት የሚመታ ተቃውሞ አለ። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ራሱን የሱስንዮስ ዘመን ሰው ሥራ አድርጎ ያቀርባል፤ ፈረንጁም ግብጻዊውም እውነቱ በእኔ ዘንድ ነው ሲሉ ያየ ሊቅ ወደ ዋሻ ሸሽቶ በልቡናው ብርሃን ሲመረምር፣ ጾምን የመሰሉ ደንቦች የሰው እንጂ የእግዚአብሔር ትእዛዝ እንዳልሆኑ ይደርስበታል። ለዚህ አሳብ ሠላሳ ዓመትም ሦስት መቶ ዓመትም አንድ ነው፤ ስሕተት ቢደጋገም እውነት አይሆንም። የሰሜን አፍሪካው ተርቱልያኖስም ቀደም ብሎ፣ ክርስቶስ ራሱን እውነት እንጂ ልማድ ብሎ አልጠራም በሚል ተመሳሳይ ነገር ተከራክሯል። የሐተታው ደራሲነት አከራካሪ ነው። ጽሑፉን በ1850ዎቹ ወደ ፓሪሱ ሊቅ ዳባዲ የላከው ካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ራሱ ላኪው ጻፈው አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተሟገተ። ካቶሊካዊ ልማድን ከሥሩ የሚነቅለውን መጽሐፍ አንድ ካፑቺን አስተላልፎት አንድ ኢየሱሳዊ ጠበቃ ቆመለት።

ተቃውሞው ግማሽ መልስ አለው። የቀኖናው ሕግ ልማድን እውነት ያደርገዋል አይልም፤ ሕግ ያደርገዋል ነው የሚለው። በምን ቀን እንደሚጾም፣ ሙታን እንዴት እንደሚዘከሩ፣ ሙሽራ ምን ይዛ እንደምትገባ የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ሳይሆን የመስማማት ጉዳይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የብዙ ዓመት ስምምነት ከማንም ሊቅ ማሰላሰል የበለጠ ሥልጣን ቢኖረው ምክንያታዊ ነው። ግማሹ ግን ሳይመለስ ይቀራል። የትኛው ልማድ ምክንያታዊ፣ የትኛው የእግዚአብሔርን ሕግ የሚነካ እንደሆነ የሚዳኘው ልማዱን ያወጣው ሕዝብ አይደለም፤ ጳጳሱ ነው፣ ከበላዩም ሮም ናት። በአርሲ ያ ዳኛ አንዳንድ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር።

ዳኛው በሌለበት ዘመን ምን እንደሚሆን የናጋሳኪ ታሪክ ያሳያል። ጃፓን በ1614 ክርስትናን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ ካህናቱ ተገደሉ ወይም ተባረሩ። ምእመናኑ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ልጆቻቸውን ራሳቸው እያጠመቁ፣ በዓላቱን በቃል እየቆጠሩ ቆዩ። በ1865 በኦውራ ቤተ ክርስቲያን ለፈረንሳዊው ካህን ፐቲዣን ራሳቸውን ገለጡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ሮም ተመለሱ፤ ሌሎቹ ግን አባቶቻችን የሰጡንን አንለቅም ብለው ለብቻቸው ቀሩ። ሁለቱም ወገን የአንድ ልማድ ወራሾች ነበሩ፤ ልዩነቱ መዳኘትን በመቀበልና ባለመቀበል ላይ ነበር። በኢትዮጵያም የጣሊያን ሚሲዮናውያን በ1941 ሲወጡ በከፋና በደቡብ ያሉ ማኅበረሰቦች በጥቂት ኢትዮጵያውያን ካህናትና በካቴኪስቶች እጅ ቀሩ። የገጠሩን ጸሎት ቤት ዛሬም ከእሑድ እሑድ የሚያቆየው ካቴኪስቱ ነው፤ ካህኑ ቅዳሴ ለማድረስ ተራ ጠብቆ ይመጣል። ጸሎት የሚመራው፣ ልጅ የሚያስተምረው፣ ልቅሶ የሚደርሰው የመንደሩ ሰው ስለሆነ፣ የአካባቢው ልማድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በአብዛኛው በእሱ በር ነው። ሕጉ ስለ እሱ የሚለው ጥቂት ነው።

ልማድ የሚሞትበትንም ሕጉ ደንግጓል። ተቃራኒ ልማድ ወይም ተቃራኒ ሕግ ይሽረዋል፤ ለመላው ዓለም የወጣ ሕግ ግን የአንድን አካባቢ ልማድ የሚሽረው በግልጽ ከጠቀሰ ነው፤ መቶ ዓመት የሞላውንም ስሙን ሳይጠራ አይነካውም። ወጣቱ ወደ አሰላ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድና ቤቱ ሲራቆት ምን ይሆናል? በሕጋዊ መንገድ የተቋቋመ ቁምስና በሕግ ፊት ሰውነት አለው፤ ያ ሰውነት በባሕርዩ ዘላቂ ነው፤ የሚጠፋውም ሥልጣን ያለው አካል ከሻረው ወይም መቶ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሠራ ከቆየ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ቢወድቅ፣ መሠዊያው ወደ ሌላ ቤት ቢዛወር፣ ለቅዳሴ የሚመጣ ሰው ባይኖር፣ ጳጳሱ እስካልሻረው ድረስ ቁምስናው አለ፤ የመጨረሻው ጸሎት ከተደረገበት ዕለት ጀምሮ መቶው ዓመት ይቆጠርለታል።